የስልክን ወረፋ በሒሳብ የመዘነው ሊቅ፥ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ

በመካነ ብርሃን በገበያ ቀን ወፍጮ ቤት ሄዶ ተራ ያልጠበቀ ከመካከላችን ማን አለ? ወፍጮው አንድ፥ ባለ እህሉ ብዙ ሲሆን ሰው ምን ያህል እንደሚጉላላ ሁላችንም እናውቃለን። ይህን የመሰለውን ችግር በሒሳብ የመረመረ አንድ ሊቅ ስለ ነበረ፥ የሕይወቱን ታሪክ ለትምህርት ቤታችን በዓል መጽሔት አንባቢዎች በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን።

አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ በኤውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 1878 በዴንማርክ አገር ሎንቦርግ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ የመንደሩ መምህር ነበሩ። በልጅነቱ ወንድሙ መጽሐፍ ሲያነብ እርሱ ፊት ለፊት ተቀምጦ የተገለበጠውን ጽሑፍ ያነብ ነበር ይባላል። ዕድሜው ገና 14 ሳለ በልዩ ፈቃድ በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የቅድሚያውን ፈተና ተፈትኖ በማዕርግ አለፈ፤ ከዚያም ወደ መንደሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት አባቱን በማስተማር ረዳ። በ1901 ከዩኒቨርሲቲው ተመርቆ ጥቂት ዓመታት በመምህርነት አገለገለ።

በ1908 በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሥራ ጀመረ። የስልክ ኩባንያ ጭንቀት ይህ ነው፤ መስመር ቢበዛ ገንዘብ በከንቱ ይባክናል፤ ቢያንስ ደዋዩ መስመር አጥቶ ይቀራል። ታዲያ ስንት መስመር ይበቃል? ሰዎች የሚደውሉት ሳይማከሩ በየፊናቸው ስለሆነ፥ የአንዱን ሰዓት አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። የብዙዎቹ ጥሪ ግን የራሱ ሕግ እንዳለው ኤርላንግ በ1909 ጽፎ አሳየ። በ1917 ደግሞ ከደዋዮች ስንቱ መስመር እንደሚያጣና የሚጠብቀውም ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያስታውቁ ቀመሮች አወጣ።

ምሳሌ እንስጥ። በአንድ ሰዓት በአማካይ 30 ሰዎች ቢደውሉና እያንዳንዱ በአማካይ 2 ደቂቃ ቢነጋገር፥ ድምሩ 60 ደቂቃ ነው። ላይ ላዩን ለሚያየው አንድ መስመር የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ደዋዮቹ ተራ ይዘው ስለማይመጡ፥ መስመሩ አንድ ሲሆን ከ2 ደዋይ አንዱ ሳይሳካለት ይቀራል። ሁለት ሲሆን ከ5 አንዱ፥ ሦስት ሲሆን ከ16 አንዱ፥ አራት ሲሆን ከ65 አንዱ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ሽቦው ሳይዘረጋ ጥቅሙን አስቀድሞ ማወቅ ተቻለ።

ኤርላንግ ከወረቀት ጋር ብቻ የሚውል ሰው አልነበረም። ያለ መስመሩ የሚፈሰውን የኤሌክትሪክ ጅረት ለመለካት፥ መሰላል የተሸከመ ሠራተኛ አስከትሎ በከተማው መንገዶች ወዳሉት ጉድጓዶች ይወርድ ነበር። ሚስት አላገባም፤ ለድኾች ግን እጁ የተዘረጋ ነበር። በኩባንያው 20 ዓመት ያህል ሠርቶ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1929 በ51 ዓመቱ ዐረፈ።

በ1946 የስልክ ጭነት መለኪያ በዓለም አቀፍ ስምምነት ኤርላንግ ተባለ። ዛሬም የኮምፒዩተር መረቦች ምን ያህል ጭነት እንደሚችሉ ሲታሰብ፥ መሠረቱ እርሱ የጀመረው ትምህርት ነው።

እኛም የገጠር መምህር ልጅ ከደረሰበት ስንመለከት፥ ሒሳብን ለፈተና ብቻ ማጥናታችንን ትተን፥ በወፍጮ ቤቱና በውሃው ቧንቧ ያለውን የወገናችንን ድካም ለማቅለል እንማረው።