ጨውን እስኪጠፋ ያቀጠነው ሐኪም

ወጥ ቤታችሁ ያለው ጨው አውሮፓ ፋርማሲ ውስጥ ናትረም ሙሪያቲከም የሚል የላቲን ስም ወጥቶለት በትንሽ ብልቃጥ ይሸጣል። የሆሚዮፓቲ ሐኪሞች በሆድ ተይዞ ለቆየ ሐዘን፣ ለራስ ምታት፣ ለአፍንጫ ፈሳሽና ለከንፈር ምች ያዙታል። የዚህ ሕክምና አባት ጀርመናዊው ሳሙኤል ሃኔማን ነው። አጭበርባሪ ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ችግሩ ሰውዬው አጭበርባሪ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1755 ማይሰን ከተማ ተወለደ፤ አባቱ የፖርሴሊን ዕቃ ላይ ሥዕል የሚስል ሰው ነበር። በ1779 በሕክምና ተመረቀ። ያኔ ሕክምና ማለት ደም ማፍሰስ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ማጠጣትና ሜርኩሪ መስጠት ነው። ሃኔማን በሽተኛ እየጎዳሁ አልኖርም ብሎ ሥራውን ተወና መጽሐፍ በመተርጎም ልጆቹን ማሳደግ ያዘ። ልጅ እየጨመረ ገቢን የሚቀንስ ውሳኔ መሆኑን ልብ በሉ። በ1792 ንጉሠ ነገሥት ሊዮፖልድ 2ኛ ደሙ በተደጋጋሚ ፈስሶ ሲሞት፣ ሐኪሞቹን በአደባባይ የተቸው እሱ ነበር። እዚህ ላይ ልክ ነበር።

የተሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። በ1790 የስኮትላንዳዊውን ሐኪም የከለንን መጽሐፍ ሲተረጉም፣ የሲንኮና ቅርፊት ወባን የሚያድንበት ምክንያት አላሳመነውም። ጤነኛ ሆኖ ራሱ ዋጠው፤ ወባ የመሰለ ስሜት ተሰማው። ከዚህ ተነስቶ ጤነኛውን የሚያሳምም ነገር ተመሳሳይ በሽታ ያለበትን ያድናል አለ። አንድ ሰው፣ አንድ ቅርፊት፣ ከዚያ ሙሉ ንድፈ ሐሳብ! ቅርፊቱ የሚሠራው ውስጡ ያለው ኩዊኒን የወባውን ተውሳክ ስለሚገድል ነው።

መድኃኒቶቹ መርዝ እንዳይሆኑ ብሎ መጠናቸውን ቀነሰ፤ በኋላ ግን ሲቀጥኑና ሲወዘወዙ ጭራሽ ይበረታሉ ማለት ጀመረ። በ1828 መታተም በጀመረው ሥር የሰደዱ በሽታዎችን በሚመለከተው ሥራው ጨውም ተራው ደረሰ። ጨዉ መጀመሪያ ከወተት ስኳር ጋር ይፈጫል፣ ቀጥሎ በፈሳሽ ይበጠበጣል፤ በየዙሩ መቶ እጥፍ፣ እስከ 30 ዙር። ሒሳቡን ሥሩት፦ 1 እና 60 ዜሮዎች። ከ12ኛው ዙር ወዲያ አንዲት የጨው ቅንጣት ብትገኝ ዕድል ነው። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባል የለ? ይሄኛው እንዳይጣፍጥ ተደርጎ የተሠራ ነው።

የሚያስቆጨው፣ በዚያው ሰሞን በ1832 ኮሌራ ሲገባ ቶማስ ላታ የሚባል ሐኪም ስኮትላንድ ውስጥ የጨው ውኃ በደም ሥር መስጠት ጀምሮ ነበር። ዛሬ ጤና ጣቢያ የሚሰጠን ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም በሊትር 2.6 ግራም ጨው አለው። የሚሠራው ጨዉ ስላለበት ነው። የአውስትራሊያ የጤና ምርምር ምክር ቤት ግን በ2015 ጥናቶቹን መርምሮ፣ ሆሚዮፓቲ እንደሚሠራ አስተማማኝ ማስረጃ ያለው አንድም በሽታ አላገኘም።

ሃኔማን መድኃኒቱን ራሱ ስለሚያዘጋጅ የላይፕዚግ መድኃኒት ቀማሚዎች ገበያችንን ነካ ብለው ከሰሱት፤ በ1821 ወደ ኮተን ሄደ። ሚስቱ ከሞተች በኋላ፣ ሰማንያ ሊሞላው ሲል፣ ልትታከም ከፓሪስ የመጣችውን ወጣቷን ሜላኒን አግብቶ አብሯት ፓሪስ ገባ። እዚያ ሀብታሙም ድሃውም በሩ ላይ ተሰለፈ። በ1843፣ በ88 ዓመቱ ሞተ። እያንዳንዱን በሽተኛ ረጅም ጊዜ ወስዶ ያዳምጥ ነበር፤ ብዙዎቹን የረዳቸው ይሄ ሳይሆን አይቀርም ባይ ነኝ። የነገሩትን የጻፈባቸው ደብተሮች ዛሬም ሽቱትጋርት ውስጥ ተቀምጠዋል።