ዩስቱስ ሊቢግና የጨረቃ አፈር

በ2022 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አፖሎ 11፣ 12 እና 17 ካመጡት የጨረቃ አፈር 12 ግራም ተሰጥቷቸው ዘር እንደ ዘሩበትና ዘሩም እንደ በቀለ አስታወቁ። የሳይንስ ጓደኞቻችን በዚህ ነገር ሲከራከሩ እኛ የአርት ፋኩልቲዎቹ ዝም ብለን ስንሰማ ቈየንና፣ አፈር ለተክል የሚሰጠው ምንድን ነው በሚለው ጥያቄ ዕድሜውን ሲሟገት የኖረውን ሰው ታሪክ ፈልገን አነበብን።

ሊቢግ በ1803 ዓ.ም. በዳርምሽታት ከተማ በጀርመን አገር ተወለደ። አባቱ የቀለምና የመድኃኒት ቅመም ነጋዴ ስለ ነበር ልጁ ሲቀምምና ሲያፈላ አደገ። በትምህርት ቤት ሰነፍ ተብሎ ነበር። ከመድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ለሙያ ቢገባም አልበረከተም። በ1815 የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ ሰማዩን ስለ ጋረደው በ1816 የአውሮፓ በጋ እንደ ብርድ ወራት ሆነ፤ እህሉ ሳይበስል ቀረ፣ ረሃብም ገባ። ሊቢግ ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበር።

በኤርላንገን ሲማር በ1822 በተነሣ የተማሪዎች ሁከት ገብቶ ከከተማው ሸሸ። (ይህን የጠቀስነው ለማኅበራችን አባሎች ስንል ነው።) ከዚያ በገዢው መስፍን ገንዘብ ፓሪስ ሄዶ ከጌ ሉሳክ ዘንድ ተማረና በ1824፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ በጊሰን ፕሮፌሰር ሆነ። ቤተ ሙከራው የቀድሞ የወታደሮች ዘብ ቤት ነበር። ተማሪው በገዛ እጁ እየሠራ እንዲማር ያደረገው በዚያ ነው፤ ሆፍማንና ኬኩሌም ከዚያ ወጡ።

በ1840 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተክል የሚኖረው የበሰበሰ ነገር በልቶ ነው የሚለውን የቈየ እምነት ተቃወመ። ካርቦኑን ከአየር፣ ፖታሹንና ፎስፌቱን ከአፈር ያገኛል፤ ከሚያስፈልገው ሁሉ እጅግ ያነሰው አንዱ የምርቱን መጠን ይወስናል አለ። ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ ሽፕሬንግል ቀደም ብሎ ጽፎት ነበር፤ ስሙ ግን ለሊቢግ ቀረ። ይህን አናደንቅለትም።

ቀጥሎ በ1845 ማዳበሪያ ሠርቶ በእንግሊዝ አገር ለገበያ አወጣ። ዝናብ አጥቦ እንዳይወስደው ብሎ ጨዎቹን ከኖራና ከፖታሽ ጋር በእሳት አቀለጣቸው። ተንኰሉ መልካም ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ዝናብ ያልሟሟውን ሥርም ሊያገኘው አልቻለም፤ ገበሬዎቹም ከስረው ቀሩ። ደግሞም ናይትሮጅን ከሰማይ በቂ ይወርዳል ብሎ ከማዳበሪያው አስቀርቶት ነበር። በሮዝምስተድ እርሻ ሎዝና ጊልበርት ስንዴ ናይትሮጅን ሲጨመርለት ምን ያህል እንደሚበልጥ በማሳ ላይ አሳዩት። ሊቢግ ግን ለብዙ ዓመት በቍጣ ተከራከራቸው። በ1850 ዌይ የተባለ ኬሚስት አፈር ራሱ ፖታሽንና አሞኒያን ይዞ እንደሚያስቀር አረጋገጠ፤ ማቅለጡ ከመጀመሪያውም አላስፈለገም ማለት ነው። ሊቢግ ይህን ስሕተቱን በ1862 በወጣው የመጽሐፉ 7ኛ እትም በአደባባይ አመነ። ዝናው የዓለም የሆነ ሰው፣ በ59 ዓመቱ፣ ይህን ማድረጉ እኛን ከመጽሐፉ ሁሉ ይልቅ ነካን። በናይትሮጅኑ ነገር ግን በቀላሉ አልተረታም። በ1873 በሙኒክ ሞተ።

የጨረቃ አፈር ሊቢግ ካቀለጠው ማዳበሪያ ጋር ይመሳሰላል ብንል ብዙ አንሳሳትም። ብረት፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም አለበት፤ ሆኖም ጥቃቅን የሰማይ ድንጋዮች እየመቱ አቅልጠውት ብዙው ብርጭቆ ሆኗል። ናይትሮጅንም የለውም ያህል ነው። ስለዚህ የፍሎሪዳ ሰዎች ናይትሮጅን ያለበት ምግብ በውሃ በጥብጠው ያጠጡት ነበር፤ ሎዝና ጊልበርት ቢያዩ ደስ ባላቸው። የዘሩት ከሰናፍጭ ወገን የሆነውን አራቢዶፕሲስን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በእሳተ ገሞራ ዐመድ ከተዘራው አይለይም ነበር፤ ኋላ ግን ሥሩ ቀጨጨ፣ አንዳንዱም ቀላ። ከሁሉ የከፋው አፖሎ 11 ባመጣው አፈር ላይ የበቀለው ነበር። በ20ኛው ቀን ቈርጠው ፈጩትና ምን ያህል እንደ ተጨነቀ ከጂኖቹ አነበቡ።