ድንጋይ የተሸከሙት ንጉሥ

አፄ ቴዎድሮስ ሲነሡ ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚለን መድፉ፣ ሽጉጡና የመቅደላው አሟሟት ነው። በክፍል ውስጥም የምናስተምረው ይህንኑ ነው። መንገድ ሠሪነታቸውን ግን በአንድ መስመር ጠቅሰን እናልፈዋለን። በዚህ ጽሑፍ እስቲ ከዚያ በኩል እንያቸው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ተወለደ። ትምህርቱን በገዳም ጀመረ፣ ኋላ ሸፈተ፣ ሰው ተከተለው። የጦርነቱን ታሪክ ሁሉም ስለሚያውቀው አናስረዝመውም። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ግን የግብፅ ጦር በመድፍ መታው፤ ያ ሽንፈት ከልቡ አልወጣም። ከዚያ ጉር አምባ፣ ከዚያም እዚሁ ጎጃም ውስጥ አይሻል ላይ በ1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊን ድል አደረገ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ሲነግሥ ቴዎድሮስ ተባለ።

ንጉሡ መድፍ ፈለጉ። መድፍ ደግሞ መንኮራኩር ይፈልጋል፣ መንኮራኩርም መንገድ ይፈልጋል። በዚያን ዘመን አገሩ በሙሉ የበቅሎና የአህያ መሄጃ ነበር፤ ዕቃ በጀርባ እንጂ በጋሪ አይሄድም። ስለዚህ ዋና ከተማቸውን ደብረ ታቦርን ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከመቅደላ ጋር የሚያገናኝ መንገድ ለማሠራት ተነሡ። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን ዋልድማየርንና ጓደኞቹን ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አስቀምጠው፣ በስብከት ፋንታ ብረት እንዲያቀልጡና መንገድ እንዲቀይሱ አደረጓቸው። ሰዎቹ ባለሙያ መሐንዲሶች አልነበሩም፤ የእጅ ሙያ ያላቸው ሚስዮናውያን ነበሩ። ቢሆንም ሠሩ።

ያዩዋቸው የውጭ አገር ሰዎች ሳይቀሩ የመሰከሩት አንድ ነገር አለ። ንጉሡ ራሳቸው ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፣ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሱ ይሠሩ ነበር። ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም ያየ መኳንንት ምን ይሁን? እሱም ጎንበስ ይላል እንጂ! በዚያ ዘመን የእጅ ሥራ እንደ ውርደት፣ ቀጥቃጭና ሸማኔ እንደ ቡዳ ይቆጠሩ እንደነበር ለምናውቅ ሰዎች፣ ይህ ከብዙ አዋጅ የበለጠ ትምህርት ነው ብለን እናምናለን።

እዚህ ላይ ስለ መንገድ ጠባይ ጥቂት እንበል፤ ሠልጣኞችም በየትምህርት ቤታችሁ ሕፃናቱን ልታሳዩበት ትችላላችሁ። የዛሬው መንገድ አባት የሚባለው የስኮትላንዱ ጆን ማክአዳም (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1756–1836) የሞተው ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው 19 ዓመት በፊት ነው። የዚህ ሰው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ጭነቱን የሚሸከመው ከታች ያለው አፈር ነው፣ አፈሩ ደረቅ ከሆነ ይችላል፣ ከራሰ ግን አይችልም። ስለዚህ ትናንሽ ተፈልጦ የተሰበረ ድንጋይ እርስ በርሱ እንዲናከስ ማንጠፍ፣ የመንገዱን መሃል በመጠኑ ከፍ ማድረግ፣ ግራና ቀኙን ቦይ ማውጣት። ሬንጅ ኋላ የመጣ ነገር ነው።

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በአስፋልቱ የሚመላለስ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። አስፋልት በመኪና ብዛት ብቻ አይሞትም። መጀመሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ትወጣለች። ክረምት ሲገባ ውሃው በዚያች ስንጥቅ ሠርጎ ከሥር ያለውን አፈር ያርሳል፤ ከባድ መኪና ሲያልፍበት አፈሩ እየላመ ይሸሻል፤ በላይ ያለው ንጣፍ ባዶ ላይ ይቀርና ጉድጓድ ይሆናል። ዋልካ መሬት ላይማ የባሰ ነው፤ ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ መንገዱንም ይዞት ይሰነጠቃል። ጥገናው በበጋ፣ ስንጥቁ ገና ቀጭን ሳለ ነው የሚያዋጣው። አፈሩንና ሣሩን በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ ማውጣት፣ ማድረቅ፣ የጋለ ሬንጅ ማፍሰስ፣ ከላዩ አሸዋ መነስነስ። እርጥብ ስንጥቅ ላይ የፈሰሰ ሬንጅ አይዝም። ቦዩ በአፈር ተደፍኖ ሳለ ደግሞ ስንጥቅ ብቻ መድፈን ከንቱ ድካም ነው። የሲሚንቶ ወለል ጠባዩ ሌላ ነው፤ በሙቀት ስለሚለጠጥና በብርድ ስለሚኮማተር፣ ሲሠራ በየመሃሉ ክፍተት ካልተተወለት ራሱ በፈለገበት ቦታ ይሰነጠቃል።

ወደ ንጉሡ እንመለስ። የጎጃሙ መንገድ የታሰበውን ያህል አልሠመረም። ከደብረ ታቦር ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ዓባይን መሻገር አለበት፤ ጥስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ስለሆነ መሻገሪያስ አልጠፋም። ችግሩ ሌላ ነበር። ጎጃም በተድላ ጓሉ መሪነት አምፆ ነበር። የንጉሡም ቅጣት ከባድ ነበር፤ በዚህ አገር የፈሰሰውን ደም ሳይጠቅሱ ስለ ቴዎድሮስ መጻፍ አንችልም፣ የጎንደርን መቃጠልም እንዲሁ። ድንጋይ የተሸከሙትም፣ አገር ያቃጠሉትም ያው አንድ ሰው ናቸው። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ለመምህር አይገባም እንላለን።

በ1859 ዓ.ም. ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ፤ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ሠራዊታቸው እየከዳ ተመናምኖ፣ ከእጃቸው የቀረው አገር ትንሽ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሲያልቅ፣ ደብረ ታቦርን ለቀው መድፉን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። ሰው መንገዱን እየሠራ ከኋላ መድፉ ይከተላል። ዐለት ሲገጥማቸው በባሩድ ያፈርሱታል። ዳገት ሲሆን 500 የሚሆን ሰው በጠፍር ይጎትታል፤ ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ እንዳያመልጥ ወደ ኋላ ይይዛል፣ ይኸኛው የባሰ ነው። ጨጨሆን አለፉ፣ የዋድላን ሜዳ ተሻገሩ። የጅዳ ገደል ግን ሌላ ነገር ነው። አፋፉ ላይ ቆሞ ወንዙን ወደ ታች ለሚያይ ሰው፣ በዚያ ላይ 70 ኩንታል ብረት አውርዶ እንደገና በወዲያኛው ማዶ ወደ ደላንታ ማውጣት የእብድ ሥራ ይመስላል። አወጡት። ከደላንታ ቀጥሎ በሽሎን ወርደው ወጡ። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው፤ አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀ።

እንግሊዞች የታሰሩ ሰዎቻቸውን ለማስፈታት በጄኔራል ናፒየር መሪነት ከዙላ ተነሥተው ነበር። ከሕንድ ያመጧቸው 44 ዝሆኖች ሳይቀሩ አብረው ይጓዙ ነበር። ታዲያ ጅዳ ላይ ሲደርሱ ምን አገኙ? ንጉሡ ለመድፋቸው ያሠሩትን መንገድ! መሐንዲሶቻቸው ሥራውን አይተው አደነቁት፤ ጦሩም በዚያው መንገድ ወርዶ፣ በዚያው ወጥቶ ወደ መቅደላ ገሠገሠ። መንገድ ጌታውን አይለይም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት አሮጌ ላይ ተዋጉ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ሰኞ ንጉሡ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ።

ድል አድራጊዎቹ መቅደላን አቃጥለው፣ ዘውዱንና የብራና መጻሕፍቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው፣ በመጡበት መንገድ ተመለሱ። ሕፃኑን ልዑል ዓለማየሁንም ይዘውት ሄዱ። ሴባስቶፖልን ግን አልወሰዱትም፤ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ዳር የሚታየው አምሳያው ሲሆን ዋናው ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ነው።