ለሌላ ዓላማ የተሠራ ፊደል፦ የቻርልስ ብሊስ ሕይወት

ከማኅበራችን አባላት መካከል የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናታቸውን በአጋዥና አማራጭ የመግባቢያ ዘዴዎች ላይ ለማድረግ የሚነሡ ሁሉ የቻርልስ ብሊስን ስም ሳያገኙ አይቀሩም። ስሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጠቅሶ ይታለፋል። ሰውየው ምን ፈልጎ እንደ ደከመና በመጨረሻ ከገዛ ረዳቶቹ ጋር ለምን እንደ ተጣላ ማወቅ፣ በአማርኛ የምልክት ሰሌዳ ለማዘጋጀት ለሚያስብ ተመራማሪ ስሙን ከማወቅ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቀድሞ ስሙ ካርል ብሊትዝ ነበር። በ1897 ቼርኖቪትዝ በተባለችው ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። ከተማዋ በዚያን ዘመን በኦስትሮ ሃንጋሪ ግዛት ሥር ነበረች፤ ዛሬ በዩክሬን ውስጥ ትገኛለች። ጀርመንኛ፣ ሩማንኛ፣ ዩክሬንኛ፣ ፖላንድኛና ይዲሽ የሚነገርባት ከተማ በመሆኗ፣ ሕዝቦቿ እርስ በርስ የሚጠላሉት ቋንቋቸው ስለ ተለያየ ነው የሚል እምነት ከልጅነቱ ጀምሮ በልቡ አደረ። በ1922 ከቪየና የቴክኒክ ዩኒቨርስቲ በኬሚካል ምሕንድስና ተመርቆ በሥራ ላይ ሳለ፣ ናዚዎች በ1938 ኦስትሪያን ያዙ። ብሊትዝም ወደ ዳካው፣ ቀጥሎም ወደ ቡኸንቫልድ ማጎሪያ ተወሰደ። ጀርመናዊትና ካቶሊካዊት የነበረችው ባለቤቱ ክሌር ደጅ ጠንታ አስፈታችው፤ እርሱም ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ። በዚያ የጀርመን የአየር ድብደባ ብሊትዝ ይባል ስለ ነበር ስሙን ብሊስ ብሎ ለወጠ።

ባልና ሚስቱ እንደ ገና የተገናኙት በ1940 መጨረሻ ሻንጋይ ላይ ነው። ጃፓኖች ከተማዋን በያዙበት ጊዜ አይሁድ ስደተኞች በአንድ ሰፈር እንዲከተቱ ሲደረግ፣ ክሌር በዜግነቷ ልትድን ስትችል ከባሏ ጋር መከራውን መረጠች። ብሊስ የቻይናን ጽሕፈት ማጥናት የጀመረው በዚህች ከተማ ነበር። በንግግር የማይግባቡ የሁለት አውራጃ ሰዎች አንዱን ጽሑፍ እኩል ማንበባቸው አስደነቀው። የሱቅ ማስታወቂያና የጋዜጣ ርእስ ማንበብ ሲለምድ ግን ምልክቶቹን በቻይንኛ ሳይሆን በራሱ ቋንቋ እያነበባቸው መሆኑን አስተዋለ። የሥራው ሁሉ ዘር ይህ ነው፤ ከ1942 ጀምሮ የራሱን ምልክቶች መቅረጽ ያዘ።

ምልክቶቹ ወደ መቶ ከሚጠጉ ጥቂት ቅርጾች ይገጣጠማሉ። የልብ ሥዕል ስሜትን ያመለክታል፤ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ሲጨመርበት ደስታ፣ ወደ ታች ሲሆን ኀዘን ይሆናል። ከምልክቱ በላይ የምትቀመጥ ትንሽ ጫፍ ነገሩን ወደ ድርጊት ትለውጠዋለች። እግርና ቀለበት ጨምሮ ከግእዝ ሣልስና ኃምስ ለሚያወጣ የፊደል ቆጣሪ ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ እዚህ የሚለወጠው ድምፅ ሳይሆን ትርጉም መሆኑ ነው።

በ1946 ወደ አውስትራሊያ ገብቶ የጉልበት ሥራ እየሠራ መጽሐፉን በ1949 አሳተመ። ክሌር ለየአገሩ ምሁራንና ዩኒቨርስቲዎች ወደ 6,000 ደብዳቤ ጻፈች፤ መልስ የሰጠ ከቁጥር አይገባም። ክሌር በ1961 ሞተች፤ ፍሬውንም አላየችም።

ፍሬው የመጣው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። በ1971 በቶሮንቶ በሚገኝ የአካል ጉዳተኞች ሕፃናት ማእከል የምታስተምር ሽርሊ ማክኖተን፣ በሴሬብራል ፓልሲ ምክንያት መናገር ለማይችሉ ልጆች የሚሆን ነገር ስትፈልግ የብሊስን ምልክቶች ከአንድ መጽሐፍ አገኘች። ማንበብ ያልተማሩ ልጆች ሰሌዳውን በጣት ወይም በዓይን እያመለከቱ ከራሳቸው አሳብ ዐረፍተ ነገር ሠሩ። ብሊስ በ1972 ወደዚያ ሄዶ ልጆቹን ሲያይ ደስታው ወሰን አልነበረውም።

ደስታው ግን አልቆየም። መምህራኑ ልጆቹ በኋላ እንግሊዝኛ እንዲያነቡ በማሰብ ምልክቶችን ጨመሩ፤ አንዳንዱንም አሻሻሉ። ብሊስ ደግሞ ሥራው ለዓለም ሁሉ ሰላም የታሰበ እንጂ የእንግሊዝኛ መሸጋገሪያ ድልድይ አይደለም ባይ ነበር። የሕግ ክርክርም ተከተለ። በእኔ አስተያየት ምልክት ለመጨመር መብት የነበራቸው ልጆቹና መምህራኖቻቸው ናቸው፤ ሆኖም በማጎሪያና በስደት መካከል የተፀነሰ ሥራ በሌላ እጅ ሲለወጥ ማየት ለሽማግሌው ምን ያህል መራራ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

ነገሩ ለእኛም ቅርብ ነው። በሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የምትኖር፣ በቤቷ የሲዳማ ቋንቋ፣ በጎረቤት አማርኛ የምትሰማ ልጅ ብናስብ፣ ድምፅ የሌለው ምልክት በሁለቱም ቋንቋ ይነበብላታል፤ በዚህ ብሊስ ትክክል ነበር። የብሊስ ሰሌዳ ግን ለሁለተኛ መደብ የሚሰጠው የሰው ቅርጽና 2 ቁጥርን ብቻ ነው። ልጅቷ ታናሽ ወንድሟን አንተ፣ እኅቷን አንቺ፣ ጎረቤት ሽማግሌውን አንቱ የምትልበት ምልክት ካልተጨመረላት አፍ ባወጣችበት ቀን ባለጌ ትባላለች። ሰሌዳውን የሚያዘጋጅ ተመራማሪ ቶሮንቶዎች የሠሩትን ያንኑ ጥፋት፣ ጥፋት ከሆነ፣ መድገሙ ግድ ነው።

ክርክሩ በ1982 በስምምነት አለቀ። በሕፃናቱ ዘንድ ምልክቶቹን የመጠቀም መብት ለካናዳው ድርጅት ሲጸና፣ ብሊስ 160,000 ዶላር ተከፈለው። በገንዘቡም ምልክቶቹ እርሱ እንደ ፈቀደው የሚጠኑበትን የራሱን የማስተማሪያ መጽሐፍ አሳተመ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1985 ዐረፈ።