የማይታየውን ጥገና ያሳዩን ሊቅ፤ ዶክተር ሩዶልፍ ሾንሃይመር

የአያቴ ቤት ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ነው። ክረምት ባለፈ ቁጥር የፈረሰው ግድግዳ እንደገና ይለሰናል፤ ምስጥ የበላው እንጨትም ወጥቶ በአዲስ ይተካል። ቤቱ ግን ዛሬም ያው የአያቴ ቤት ነው። በሥነ ሕይወት ትምህርት ላይ የሰው ገላም እንዲሁ ዘወትር እየፈረሰ የሚታደስ መሆኑን በሰማሁ ጊዜ፣ ይህን በማስረጃ ያሳየው ማን ይሆን ብዬ መመርመር ጀመርሁ። ያገኘሁትንም ታሪክ ለተወደዳችሁ አንባብያን አቀርባለሁ።

ዶክተር ሾንሃይመር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1898 ዓ.ም. በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ ተወለዱ። በዚያው ሕክምና ተምረው በ1922 ከተመረቁ በኋላ በላይፕሲክ ኬሚስትሪ አጠኑ፤ በፍራይቡርግም ስለ ኮሌስትሮል ተመራመሩ። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ግን አይሁዳዊ ነበሩና አገራቸውን ለቀው ወደ ኒውዮርክ ተሰደዱ፤ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም ሥራቸውን ቀጠሉ።

በዚያ ዘመን ብዙዎች ሊቃውንት ያደገ ሰው ገላ እንደ ሞተር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ምግቡ እንደ ነዳጅ ይቃጠላል፤ ሞተሩ ራሱ ግን የሚያልቀው በጥቂቱ ብቻ ነው ይሉ ነበር። ይህን ለመፈተን የገባውን አዲስ ነገር ከቀድሞው መለየት ያስፈልጋል። ዶክተር ሾንሃይመርና ባልደረባቸው ዴቪድ ሪትንበርግ ለዚህ ከባድ ናይትሮጅን መረጡ። ይህ ናይትሮጅን በጠባዩ እንደ ሌላው ሆኖ በክብደቱ ብቻ ስለሚለይ፣ ገበሬ ከመንጋ መካከል ከብቱን በጆሮው ምልክት እንደሚያውቀው፣ የት እንደ ደረሰ ማወቅ ይቻላል።

በ1939 ይህ ምልክት ያለበትን ሉሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ላደጉ አይጦች ለሦስት ቀን መገቡ። አብዛኛው በሽንት ይወጣል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ከግማሽ የሚበልጠው ምልክት በገላቸው ፕሮቲን ውስጥ ተገኘ። የአይጦቹ ክብደት ግን አልጨመረም። እንግዲያውስ አዲሱ የገባው አሮጌው በዚያው ልክ ፈርሶ ስለ ወጣ ነው።

ዶክተር ሾንሃይመር ይህን ያህል ሠርተው በመንፈስ ጭንቀት ይሠቃዩ ስለ ነበር፣ በ1941 በ43 ዓመታቸው በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። ያዘጋጁት ጽሑፍም በ1942 በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ።

ገላ የሚፈርሰውን ከሚቆየው በምን ይለያል የሚለው ጥያቄ ግን ለተከታዮች ቀረ። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ አቭራም ሄርሽኮ፣ አሮን ቺካኖቨርና አርዊን ሮዝ መልሱን አገኙ። ዩቢኩዊቲን የተባለ 76 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን አለ፤ ኤንዛይሞች ተቀባብለው ሊፈርስ በሚገባው ፕሮቲን ላይ ይለጥፉታል። በሰንሰለት የተለጠፈበትም ፕሮቲን ፕሮቲአሶም ወደሚባለው ማፍረሻ ገብቶ ይቈራረጣል። ሌሎች ኤንዛይሞች ደግሞ ምልክቱን ስለሚያነሡ፣ ሊፈርስ የነበረው ይተርፋል። ሦስቱ ሊቃውንት ስለዚህ ሥራ በ2004 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

እኔን እጅግ የሚያሳዝነኝ፣ የገላን ጥገና ያሳዩን ሊቅ የራሳቸው ጭንቀት ሳይጠገን ማለፉ ነው። ገላችን ሳንጠይቀው ራሱን ያድሳል፤ ልብ ግን ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በክፍላችን ዝም ያለ ጓደኛ ስናይ፣ ምን ሆነሃል፣ ምን ሆነሻል ብለን እንጠይቅ።