ለማይታየው ሴል ስም ያወጣለት ሰው

ስም ያልወጣለት ነገር ዜና አይሆንም። ጋዜጠኛ ስለ አንድ ጉዳይ ከመጻፉ በፊት ጉዳዩ የሚጠራበት ስም ያስፈልገዋል። ሳይንስም እንደዚሁ ነው። ዛሬ ስለ አስም ሲነሳ ሐኪሞች ደጋግመው የሚጠሩት ኢዮሲኖፊል የሚባል ነጭ የደም ሴል አለ። ለመሆኑ ይህን ስም ያወጣለት ማን ነው? እስቲ የሕይወት ታሪኩን እንመልከት።

ፖል ኤርሊክ እ.ኤ.አ. በ1854 በፕሩሺያ፣ ሽትሬለን በምትባል ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ የምትገኘው በፖላንድ ነው። ሕክምና ይማር እንጂ ልቡ ያለው ቀለም ላይ ነበር። በእናቱ በኩል የሚዛመደው ካርል ቫይገርት የሰውነት ህዋሳትን በቀለም እየነከረ ሲመረምር አይቶ በነገሩ ተማረከ። በዚያን ጊዜ የጀርመን ፋብሪካዎች ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የጨርቅ ማቅለሚያ ያመርቱ ነበር። ኤርሊክ ታዲያ ጨርቁን ትቶ ደምን ማቅለም ያዘ። በ1878 የተመረቀበት ጽሑፍም ስለዚሁ ስለ ማቅለም ነበር።

በዓመቱ በበርሊኑ ሻሪቴ ሆስፒታል ሲሠራ ደምን በመስታወት ላይ በስሱ እየቀባ፣ በሙቀት እያደረቀ ቀለም ያጠጣው ጀመር። ኢዮሲን የተባለውን ቀይ ቀለም ሲጠቀም አንዳንድ ሴሎች ውስጣቸው በደማቅ ቀይ ፍሬዎች ተሞልቶ ታየው። ቀለሙን ስለወደዱት «ኢዮሲን ወዳድ» ለማለት ኢዮሲኖፊል አላቸው። ስሙ የሚናገረው በዓይን የታየውን ብቻ ነው፤ ሴሉ ምን እንደሚሠራ አይናገርም። ይህ ደግሞ በኤርሊክ ዘመን ሳይፈታ የቀረ ጥያቄ ነበር።

የሰውየው ሕይወት አልጋ በአልጋ አልነበረም። የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ለማገገም ወደ ግብፅ ሄደና በ1889 ተመለሰ። በዚያው ዓመት ሌሎች ሐኪሞች በአስም ሕሙማን አክታ ውስጥ እሱ ስም ያወጣላቸውን ሴሎች አገኙ። ኤርሊክ ግን ፊቱን ወደ በሽታ መከላከያ ጥናት አዙሮ ነበር። በ1908 ከኢሊያ መችኒኮቭ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1909 ደግሞ ከጃፓናዊው ሳሃቺሮ ሃታ ጋር የቂጥኝ መድኃኒት አገኘ። ጤነኛውን አካል ሳይነካ ጠላቱን ብቻ ፈልጎ የሚመታ መድኃኒት መሥራት የዕድሜ ልክ ሕልሙ ነበር። ሲጋር ከእጁ የማይለየው ይህ ሰው በ1915 በ61 ዓመቱ አረፈ።

ሴሎቹስ? አስም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቧንቧ መጥበቡን ብቻ ነው። ከጥበቱ ሥር ግን የቆየ ብግነት አለ። በብዙ ሕሙማን ኢዮሲኖፊሎች ከደም ወጥተው የአየር ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ይሰበሰባሉ። እነዚያ ቀይ ፍሬዎች የያዙት ፕሮቲን ሲፈስ የቧንቧውን ሽፋን ይጎዳል፤ ቧንቧው ያብጣል፣ አክታ ይበዛል። ቧንቧ የሚከፍተው የሚነፋ መድኃኒት ለጊዜው ያስተነፍሳል እንጂ ይህን ብግነት አያበርድም።

በ2000ዎቹ ተመራማሪዎች እነዚህን ሴሎች የሚያበዛውን ኢንተርሉኪን 5 የሚይዝ መድኃኒት፣ ሜፖሊዙማብን፣ ሞከሩ። ሕሙማኑን ሳይለዩ ሲሰጡት እምብዛም አልጠቀመም። ነገሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ መድኃኒቱ ተጥሎ ይቀር ነበር። በ2009 የወጡ ጥናቶች ግን አስቀድመው የሴሎቹን ብዛት እየቆጠሩ ሕሙማንን መረጡ፤ ከባድ የአስም ጥቃት በግልጽ ቀነሰ። በ2015፣ ኤርሊክ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ መድኃኒቱ በአሜሪካ ተፈቀደ።

ኢዮሲኖፊል በሁሉም የአስም ሕመምተኛ ላይ አይበዛም። በበዛበት ሰው ላይም ምክንያቱ ሁልጊዜ አስም አይደለም፤ እንደ እኛ ባለ አገር የአንጀት ትላትልም ያበዛዋል። ስለዚህ ቆጠራው ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ሐኪሙ በሽተኛውንም መጠየቅ አለበት። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ከዚህ የሚቀር ትምህርት አለ። ኤርሊክ ለሴሉ የሰጠው ስም ያየውን ብቻ የሚናገር በመሆኑ፣ ከእሱ በኋላ እውቀቱ ሲለወጥና ሲሰፋ ስሙን የሚያፈርስ ሰው አልመጣም።