ሮበርት ታፍት፤ ሦስት ጊዜ ቀርቦ ሦስት ጊዜ የቀረ ዕጩ

ድል ያደረገ ሰው ታሪኩን የሚጽፍለት አያጣም፤ የተሸነፈ ግን ብዙውን ጊዜ ከነታሪኩ ይረሳል። የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበረው ሮበርት ታፍት ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ሦስት ጊዜ ተወዳድሮ፣ ሦስቱንም ጊዜ በገዛ ፓርቲው ውስጥ የተሸነፈ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ደጋፊዎቹ ያነሡት ጥያቄ ምርጫ ባለበት ሁሉ የሚነሣ ስለሆነ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ታፍት በ1889 በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ ከተማ ተወለደ። አባቱ ዊልያም ሃዋርድ ታፍት ከ1909 እስከ 1913 የአገሩ ፕሬዚዳንት፣ ኋላም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነበረ። ልጁ በዬልና በሃርቫርድ ተምሮ ከሁለቱም በአንደኛነት ወጣ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ለመሆን ቢጠይቅ ዓይኑ ደካማ ነው ተብሎ ተመለሰ፤ ስለዚህ በኸርበርት ሁቨር ሥር ሆኖ በጦርነቱ ለተጎዳው የአውሮፓ ሕዝብ ምግብ በማደል ሥራ አገለገለ። ንግግሩ ቁጥርና ሕግ የበዛበት፣ ሕዝብን ማባበል የማይሆንለት ሰው ነበር።

በ1938 ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በተመረጠ ጊዜ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የመንግሥትን ሥልጣን በየሥራው መስክ ያስፋፋ ነበር። ታፍት ይህን አጥብቆ ተቃወመ። መንግሥት በሕግ የተወሰነ ይሁን፣ ወጪው ከገቢው አይለፍ፣ ፕሬዚዳንቱም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አገሩን ወደ ጦርነት አያግባ የሚል እምነት ነበረው። ከዚህ የተነሣ የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ሆነ። የሠራተኛ ማኅበሮችን ሥልጣን የሚወስነውን የ1947 ሕግ የትሩማን ተቃውሞ ሳያግደው አስጸደቀ። በሌላ በኩል ደግሞ ለድሆች መኖሪያ ቤት የሚያሠራውን የ1949 ሕግ ከተቃራኒው ፓርቲ ሰዎች ጋር ሆኖ ደገፈ።

እምነቱ ዋጋ ያስከፈለበት ጊዜ ብዙ ነው። በ1946 የናዚ ሹማምንት በኑረምበርግ የተፈረደባቸው ከድርጊታቸው በኋላ በወጣ ሕግ ነው ብሎ ሲነቅፍ፣ ወዳጅም ጠላትም ተነሣበት። በ1949 የሰሜን አትላንቲክን የጦር ቃል ኪዳን ተቃውሞ ድምፅ ሰጠ። የእኛው የቃኘው ሻለቃ በ1951 በዘመተበት በኮርያ ጦርነትም፣ ትሩማን ጦሩን የላከው ምክር ቤቱን ሳያስፈቅድ ነው ሲል ከሰሰ። በእነዚህ ነገሮች ተሳስቷል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ድምፅ ለመሰብሰብ ሲል ሐሳቡን ለወጠ የሚል ግን ጥቂት ነው።

በ1940 በዊልኪ፣ በ1948 በዲዊ ተሸነፈ። የ1952ቱ ግን ከሁሉ የከፋ ነበረ፤ ተወዳዳሪው ጦር መሪው አይዘንሃወር ሆነና። የአይዘንሃወር ደጋፊዎች ታፍትን እናከብረዋለን፣ ነገር ግን አያሸንፍም አሉ። ፓርቲው ከ1932 ጀምሮ አምስት ጊዜ ተከታትሎ ስለተሸነፈ ይህ ቃል ብዙዎችን አስደነገጠ። የታፍት ደጋፊዎች ደግሞ፣ ሌሎቹን ያሸንፋሉ ብላችሁ አቅርባችሁልን ሁሉም ተሸነፉ፤ ታፍት ግን በ1950 የሠራተኛ ማኅበሮች ተባብረው ዘምተውበት ኦሃዮን በብዙ ብልጫ አሸንፏል ሲሉ መለሱ። እነዚህ ደጋፊዎች ፓርቲው ሥልጣን ባጣባቸው ሃያ ዓመታት ያልከዱት፣ በየከተማውና በየመንደሩ የደከሙለት ሰዎች ነበሩ።

ዕጩ ለመምረጥ ሕዝቡ ድምፅ በሰጠባቸው ግዛቶች አይዘንሃወር ኒው ሃምፕሺርን፣ ታፍት ደግሞ ዊስኮንሲንን፣ ነብራስካን፣ ኢሊኖይንና ኦሃዮን ወሰዱ፤ በጠቅላላው ድምፅ የበለጠው ታፍት ነበረ። ነገር ግን በዚያን ዘመን አብዛኞቹ መልእክተኞች የሚመረጡት በየግዛቱ የፓርቲ ስብሰባ ነው። በቴክሳስ የታፍት ወገኖች፣ አዲስ የገቡት የአይዘንሃወር ሰዎች እውነተኛ የፓርቲ አባሎች አይደሉም ብለው አስወጧቸው። ዕድሜውን ሙሉ ስለ ሕግ ለተከራከረ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳት ነበረ። በሐምሌ ወር ቺካጎ ላይ በተደረገው ጉባኤ ተቃዋሚዎቹ ይህንኑ መሣሪያ አደረጉት፤ በክርክር ላይ ያሉ መልእክተኞች ድምፅ እንዳይሰጡ የሚያግደው ደንብ በ658 ድምፅ በ548 ላይ አለፈ። በመጀመሪያው ዙር አይዘንሃወር 595፣ ታፍት 500 አገኙ። የሚያስፈልገው 604 ነበረ፤ የሚኒሶታ መልእክተኞች ወዲያው ድምፃቸውን ወደ አይዘንሃወር ስላዞሩ ነገሩ አለቀ።

ብዙ ደጋፊዎቹ አልቅሰዋል፤ አንዳንዶቹም በምርጫው እንዳይሳተፉ አስበው ነበር። ታፍት ግን በመስከረም ኒውዮርክ ላይ ከአይዘንሃወር ጋር ተገናኝቶ፣ ወጪ እንዲቀነስና የመንግሥት ሥልጣን እንዲወሰን ከተስማሙ በኋላ ላሸነፈው ሰው ዞሮ ቀሰቀሰ። በ1953 መጀመሪያ በሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ የፓርቲው መሪ ሆኖ አዲሱን ፕሬዚዳንት በታማኝነት ረዳ። ዳሩ ግን ወራት ሳይቆይ የነቀርሳ በሽታ አገኘውና ሐምሌ 31 ቀን 1953 አረፈ። በ1957 በወጣቱ ጆን ኬኔዲ የሚመራ ኮሚቴ በምክር ቤቱ ታሪክ ታላላቅ የሆኑ አምስት አባሎችን ሲመርጥ፣ የሌላ ፓርቲ ሰው የነበረው ታፍት አንዱ ሆነ።

እንግዲህ ደጋፊዎቹ ድምፃቸውን በከንቱ አፍስሰዋልን? አይዘንሃወር አሸንፏልና፣ ዕጩ ሲመረጥ ማሸነፉም ይታሰብ ያሉት አልተሳሳቱም። ሆኖም የሚያምንበትን ነገር ገልጦ የሚናገር ዕጩ ባይኖር፣ ያሸነፈው ሰው ከማን ጋር ይስማማ ነበር? ታፍት ፕሬዚዳንት ባይሆንም፣ ፕሬዚዳንቱ ሊያልፈው የማይችል ሰው ሆነ። ድምፅ የሚሰጥ ሰው ሁሉ ማን ያሸንፋል ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ የሚያሸንፈው ምን ይዞ ነው ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው።